የአንሶላና የብርድ ልብስ መደርደሪያ በደሴ፦ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ቤቱ ደሴ ነው፤ ጭቃ ቤት። በመተላለፊያው መጨረሻ ወርዱ 120፣ ጥልቀቱ 62፣ ከፍታው 240 ሴንቲ የሆነ ባዶ ጥግ አለ። የቤቱ ጨርቅ እስከ ዛሬ በሦስት ቦታ ተበታትኖ ቆይቷል፤ አልጋ ሥር በሻንጣ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ በፌስታል፣ የቀረው ከሶፋ ጀርባ በማዳበሪያ ከረጢት። ሥራው ይህን ሁሉ ወደ ጥጉ ማምጣት ነው፤ ከእንጨትና ከቪቲ (እየዞረ ከሚገባ ምስማር) ሌላ ብዙ ሳይገዛ።

ዋጋ አልተመዘገበም። የእንጨት ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለማይገናኝ የዛሬው ቁጥር ለነገ አይሆንም። የተመዘገበው መጠን ነው፤ ገበያ የሚወጣ ሰው እሱን ይዞ ይውጣ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ሁሉም ወጥቶ ተቆጠረ። አንሶላ 23፣ የትራስ ልብስ 31፣ ትልቅና ትንሽ ፎጣ 17፣ ብርድ ልብስ 7 (ሁለቱ ሱፍ፣ አምስቱ ሰው ሠራሽ)፣ ጋቢ 6፣ ቡልኮ 1፣ ባና 2፣ ነጠላ 8፣ አልጋ ልብስ 4፣ የጠረጴዛ ልብስ 5፣ መጋረጃ 6፣ ስጋጃ 3። ድምሩ 113። ስጋጃዎቹ ለሙስሊም እንግዳ መስገጃ ናቸው፤ ደሴ ላይ በክርስቲያኑም ቤት ንጹሕ ስጋጃ ለምን እንደማይጠፋ የከተማው ሰው ያውቀዋል።

ቤቱ ወርዱ ሜትር ከሃምሳ የሆነ አንድ አልጋ፣ ወርዳቸው ሜትር ከሃያ የሆነ ሁለት አልጋዎች አሉት። ለእንግዳ ወለል ላይ የሚነጠፉ ሦስት ፍራሾችም አሉ። የተያዘው ልክ ለአንድ አልጋ ሦስት ቅያሪ ነው፤ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ። የታችና የላይ ስለሚነጠፍ ለአንድ አልጋ 6 አንሶላ ይሆናል። ሦስተኛው ቅያሪ ደሴ ላይ ቅንጦት አይደለም፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ወርዶ ከተማው ውስጥ ሲውል፣ የታጠበ አንሶላ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ሊከርም ይችላል። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል እዚያ ያለ ቤት በሁለት ቅያሪ ይወጣዋል።

ስሌቱ እንዲህ ወጣ። ለሜትር ከሃምሳው 6 ይፈለጋል፣ 9 አለ። ለሜትር ከሃያዎቹ 12 ይፈለጋል፣ 11 አለ። ከተረፉት ሦስት ሰፋፊዎች አንዱ ጎደሎውን ይሞላል፤ የወርዱ ትርፍ ፍራሽ ሥር ይገባል። ሁለቱ ለእንግዳ ሄዱ። የቀሩት 3 አንሶላዎች መሐላቸው ሳስቶ የተቀደዱ ናቸው፤ ይጣሉ የተባሉት እነሱ ነበሩ፣ አልተጣሉም።

አንሶላ የሚያልቀው ጀርባ በሚያርፍበት መሐሉ ላይ ነው፤ ጠርዙ ገና አዲስ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ደህናው በቁመቱ መሐል ለመሐል ተቀደደ፣ ሁለቱ የዳር ጠርዞች ፊት ለፊት ተገጥመው በመኪና ተሰፉ፣ የሳሳው ወደ ዳር ወጥቶ ታጥፎ ተቀመቀመ። ከወርዱ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ይቀንሳል፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ስፌት ይኖረዋል፤ ለወለል ፍራሽ ምንም አይለው። ሦስተኛው የእንግዳ አንሶላ በዚህ ተገኘ። ሁለቱ ደግሞ ለሌላ ሥራ ተቀመጡ፣ ወደ ታች ይመጣሉ።

አንሶላ መጠኑ የሚታወቀው ሲዘረጋ ነው፤ ታጥፎ ከሆነ ሁሉም ይመሳሰላል። ማታ ላይ እንግዳ ሲመጣ ሦስት ተዘርግቶ አራተኛው ልክ የሚሆነው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ጥብጣብ ነው፤ ለሜትር ከሃምሳ ቀይ፣ ለሜትር ከሃያ ሰማያዊ። 5 ሴንቲ ተቆርጦ ለሁለት ታጥፎ አንድ ማዕዘን ላይ በጠርዙ ቅምቅማት ውስጥ ይሰፋል። ለ20 አንሶላ ከሁለቱ ቀለም ተደምሮ 1 ሜትር በቃ። ጥብጣቡ የተገዛው ሰኞ ነው፤ ከመሰፋቱ በፊት ከነጭ ቁራጭ ጨርቅ ጋር ሙቅ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቀመጥ። ቀዩ ለቀቀ፣ ነጩን ቁራጭ ቀላ አደረገው፤ በሁለተኛው ውሃ ግን ቆመ። ይህ ሙከራ ቢዘለል ኖሮ 9 አንሶላ ጽጌረዳ ቀለም ያወጣ ነበር። መደርደሪያ ላይ ወረቀት መለጠፍም አለ፤ ጨርቁ ቦታ በለወጠ ማግስት ጽሑፉ መዋሸት ይጀምራል።

ማታ፣ ጥጉ ግድግዳ ላይ 40 በ40 የሆነ ሁለት ላስቲክ አራቱም ጠርዙ በፕላስተር ታሽጎ ተለጠፈ። አንዱ ከወለል 30 ሴንቲ፣ ሌላው 150 ሴንቲ ከፍታ ላይ። ሁለት ሌሊት ይቆያሉ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

ላስቲኮቹ ታዩ። የታችኛው ከግድግዳው ጋር የሚነካካው ጀርባው ጤዛ ቋጥሯል። የላይኛው ጀርባው ደረቅ ነው፣ ፊቱ ላይ ግን ጭጋግ አለ። አንድ ግድግዳ፣ ሁለት በሽታ። ታች ያለው ውሃ ከመሬት ተስቦ የሚመጣ ነው፤ ላይ ያለው ከቤቱ አየር ነው፤ ከምጣዱ፣ ከጀበናው፣ ከሰው ትንፋሽ የሚወጣው እንፋሎት ሌሊት የቀዘቀዘውን የውጭ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ይህን ሳይለዩ ግድግዳ የሚቀባ ሰው ቀለሙን በዓመቱ እንደገና ይገዛል። ጨርቅ የሚያሸቱት ሁለቱም ናቸው፤ ለመጀመሪያው ውጭ ያለውን አፈር ማንሳት፣ ለሁለተኛው ጨርቁን ከግድግዳው ማራቅ።

ቀኑ ሰኞ ስለሆነ ሰኞ ገበያ በኩል ታልፎ ተገዛ፦ ባለ 4 በ5 ሴንቲ ሞራሌ (ለቋሚ የሚሆን) 2 እንጨት፣ ባለ 2.5 በ4 ጣውላ 12 እንጨት፣ የ5 ሴንቲ የእንጨት ቪቲ 140 ፍሬ፣ ብርጭቆ ወረቀት አንድ ሻካራ አንድ ለስላሳ፣ ኖራ 5 ኪሎ፣ የመጋረጃ ሽቦ 1.20 ሜትር ከሁለት ሜንጦ ጋር፣ ጥብጣብ። ሌላ የተገዛ ነገር የለም። የፕላስቲክ ሳጥን አልተገዛም፤ ክዳን ያለው ሳጥን በኅዳር ጥሩ ነው፣ በነሐሴ ግን ትንሽ እርጥበት ይዞ የገባን ጨርቅ ከነእርጥበቱ ይቆልፍበታል።

ችፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ለምን አልሆነም የሚል ይኖራል፤ ለዕይታ ያምራል፣ ሥራውም ፈጣን ነው። ግን ጠርዙ ካልታሸገ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ያበጠው አይመለስም፤ ከ1 ሜትር በላይ ሲረዝም ደግሞ በብርድ ልብስ ክብደት መሐሉ ይሰምጣል። ከሁሉ በላይ ደፍን ነው፣ አየር አያሳልፍም። ርብራብ ጣውላ ሦስቱንም ይፈታል።

እንጨት ሲመረጥ ጫፉን ወደ ዓይን አስጠግቶ በርዝመቱ ማነጣጠር፤ የተጠማዘዘው ወዲያው ይታያል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከእኩያው ይከብዳል፣ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ይቀዘቅዛል። ቤት ገብቶ ሲደርቅ ይጣመማል፣ እስኪደርቅም ቡናማ ውሃ እየለቀቀ ነጭ ጨርቅ ያቆሽሻል። 12ቱን ለማግኘት 30 ገደማ ተገላብጧል። ሻጩ ደስ አላለውም።

4 ሜትር ተብሎ የተሸጠው ሲለካ ረጅሙ 3.95፣ አጭሩ 3.88 ወጣ። ይህ የተለመደ ነው፤ 4 ሜትር ሙሉ ይኖረዋል ብሎ የቆራረጠ ሰው የመጨረሻዋ ቁራጭ ታጥረዋለች። የአቆራረጡ ሒሳብ የወጣው ከአጭሩ ነው፦

ከሞራሌው፦ ከእያንዳንዱ 190 ሴንቲ ቋሚ 2፤ በድምሩ 4።
ከ11 ጣውላዎች፦ ከእያንዳንዱ 103.5 ሴንቲ ርብራብ 3 እና 52 ሴንቲ አግዳሚ 1።
ከ12ኛው፦ ርብራብ 2፣ አግዳሚ 1፣ የቀረው 1.25 ሜትር ለጀርባ ሰያፍ።

ርብራብ 35፣ አግዳሚ 12 ተገኘ። ለአምስት ደረጃ በእያንዳንዱ 7 ርብራብና 2 አግዳሚ፣ የቀሩት 2 አግዳሚዎች ለአናቱ።

ማክሰኞና ረቡዕ

ውጭ ከግድግዳው ሥር የተከመረው አፈር በ40 ሴንቲ ስፋት ተነሣ፣ ከልስኑ መጨረሻ በታች እስኪሆን። መሬቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ ጠጠር ፈሰሰበት። የጣሪያው ጠፈጠፍ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነበር፤ ስለዚህ አሸንዳው ተጠርጎ ውሃው ራቅ ብሎ እንዲወርድ ተደረገ። የሥራው ግማሽ ዋጋ ያለው እዚህ ነው፣ አንድም ነገር አልተገዛበትም።

ውስጡን፦ ሻጋታው መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገ፤ ደረቁን በመጥረጊያ መምታት ቡናኙን ቤት ሙሉ ይበትነዋል። ከዚያ 1 ብርጭቆ በረኪና በ4 ሊትር ውሃ፣ ጨርቅ ተነክሮና ተጨምቆ፤ ጭቃ ልስን ላይ አይደፋም። መስኮት ክፍት፣ እጅ በጓንት። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ማገናኘት መርዘኛ ጋዝ ያወጣል።

ኖራው ማታ 1 እጅ ለ2 እጅ ውሃ ተበጥብጦ አደረ፤ ውፍረቱ እንደ ወተት። ግድግዳው በትንሹ ረጥቦ ሁለት ስስ ቅብ ተቀባ፣ በመሐሉ አንድ ቀን። ወፍራም ቅብ ይሰነጠቅና ይላጣል። ኖራ ለጭቃ ግድግዳ የሚመረጠው እርጥበቱን ስለማያፍንና ሻጋታ በላዩ ስለማይወድ ነው፤ የፕላስቲክ ቀለም ላይ ግን አይዝም። ብዙ ሰው እንዲይዝ ብሎ ጨው ይጨምርበታል። ለሌላ ግድግዳ ይሁን፣ ለዚህ አይሆንም፤ ጨው ራሱ ከአየር ውሃ ይስባል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

ኖራው እስኪደርቅ ድረስ እጥፋቱ ተወሰነ። ይህ የሚቀድመው ለምክንያት ነው፤ መደርደሪያው የሚለካው ከታጠፈው ጨርቅ ነው፣ ከጥጉ አይደለም።

አብዛኛው አንሶላ 180 በ240 ገደማ ነው። 180ው ሁለት ጊዜ ለሁለት ሲታጠፍ 45፣ 240ው ሦስት ጊዜ ለሁለት ሲታጠፍ 30 ይሆናል። 45 በ30 የቤቱ ልክ ሆነ፤ ፎጣም፣ የጠረጴዛ ልብስም፣ ሌላውም ወደዚህ ይመጣል። ካርቶን በዚህ ልክ ተቆርጦ ተሰቀለ፣ የሚያጥፍ ሰው መሐሉ ላይ አስቀምጦ ያጥፍበታል። ሰፊው አንሶላ ትንሽ ያልፋል፤ ጫፉ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ላስቲክ ያለው አንሶላ መጀመሪያ ማዕዘኖቹ እርስ በርሳቸው ይጠለቃሉ፣ ከዚያ እንደ ሌላው።

ከዚህ ነው የመደርደሪያው ልክ የወጣው። ሦስት ክምር በ30 ሴንቲ 90፣ በየመሐላቸውና በየዳራቸው 3.5 ሴንቲ፤ 104 ሴንቲ የውስጥ ወርድ። ከሁለቱ ቋሚዎች ውፍረት ጋር 112፤ ግራና ቀኝ 4 ሴንቲ ክፍት ይቀራል። ጥልቀቱ 52፣ ከኋላ 10 ሴንቲ ለአየር። የዐሥሩ ሴንቲ ነገር ያስቆጫል፣ ግን ቦታው የባከነ አይደለም፤ ኖራውም እጅና ጨርቅ አይነካም።

ጋቢ ለብቻው ይታያል። አራት ድርብ ስለሆነ ውጪው ደርቆ ውስጡ ርጥብ ሊሆን ይችላል፣ ጣትም ይታለላል። የተሻለው ሚዛን ነው። በደረቅ ቀን 1.7 ኪሎ የነበረ ጋቢ ዛሬ ደርቋል ተብሎ ከገመድ ሲወርድ 1.9 መዘነ፤ 200 ግራም ውሃ ታጥፎ ሊገባ ነበር ማለት ነው። ሚዛን የሌለው አጥፎ አንድ ሰዓት ያቆየውና የእጥፋቱን መሐል ጉንጩ ላይ ያሳርፍ፤ ከቀዘቀዘ ይመለስ። ጥለቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ከነጭ ጨርቅ ጋር እንዳይተሻሽ።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1

ቆረጣ። የመጀመሪያው ርብራብ በስኳድራ (በቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) ተሰምሮ በጥንቃቄ ተቆረጠ፣ «መለኪያ» ተብሎ ተጻፈበት፤ ሌሎቹ 34 በእሱ ብቻ ተሰመሩ። አዲስ በተቆረጠው ቀጣዩን ማስመር በእያንዳንዱ አንድ ሚሊ እየጨመረ 35ኛው ላይ 3 ሴንቲ ያደርሳል። 104 ፈንታ 103.5 የሆነው ቋሚዎቹን ወደ ውጭ ገፍቶ እንዳያስከፍት ነው።

ጠርዞቹ በሻካራ፣ ከዚያ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ተፋቁ። የማረጋገጫው መንገድ አሮጌ የናይሎን ካልሲ እጅ ላይ አጥልቆ እንጨቱን መዳበስ ነው፤ ካልሲው ከተያዘ ዳንቴልም ይያዛል።

የደረጃዎቹ ከፍታ ከወለል፦ 15፣ 60፣ 95፣ 130፣ 160። በአራቱም ቋሚዎች ላይ አንድ ላይ ተደርድረው በአንድ መስመር ተሰመሩ። አግዳሚዎቹ በቋሚዎቹ ውስጠኛ ጎን ገቡ፣ በየመገናኛው 2 ቪቲ፤ 48 ቪቲ። ርብራቦቹ በአግዳሚዎቹ ላይ ተኝተው በየጫፉ 1 ቪቲ፣ 70። በርብራቦቹ መሐል 4 ሴንቲ ክፍት፤ ለመለኪያ ራሱ የጣውላው ወርድ ያገለግላል።

ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ርብራቦች ሦስቱ ተሰነጠቁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አግዳሚው 2.5 ሴንቲ ብቻ ስለሚወፍር ቪቲው ከጣውላው ጫፍ 1.2 ሴንቲ ላይ ነው የሚገባው፣ ደረቅ ባሕር ዛፍ ደግሞ ጫፉ ላይ ሲገፉት ይተረተራል። ከዚያ በኋላ ሁሉም በ3 ሚሊ መብሻ አስቀድሞ ተበሳ፤ የቪቲውም ራስ እንዲሰምጥ አፉ ሰፋ ተደረገ። አንድም አልተሰነጠቀም። ሦስቱ ተሰንጣቂዎች በኮላ ተጣብቀው፣ በገመድ ታስረው አድረው ተመለሱ።

እሑድ፣ ጳጉሜ 2

ቆሞ ሲነካ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። 118 ቪቲ ይዞ መወዛወዙ ሊያስገርም አይገባም፤ አራት ማዕዘን ያለ ሰያፍ አይቆምም። 1.25ዋ ጣውላ ከጀርባ በኩል ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው ተጋድማ በ4 ቪቲ ታሰረች። ከመታሰሯ በፊት ሁለቱ የማዕዘን ለማዕዘን ርቀቶች በሜትር ይለካሉ፤ እኩል ካልሆኑ ጠማማነቱ ለዘላለም ይጸድቃል። የ7 ሚሊ ልዩነት ነበር፣ ተገፍቶ ተስተካከለ። ውዝዋዜው ቆመ።

ወለሉ ወደ በሩ ያዘቀዝቃል፤ በውሃ ልክ ታይቶ ከፊት ሁለቱ ቋሚዎች ሥር ስስ ቁራጭ ጣውላ ገባ። ልጅ ያለበት ቤት መደርደሪያ መሰላል መሆኑ ስለማይቀር አናቱ ከግድግዳው ጋር መታሰር አለበት። ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ የሚገባ የቪቲ መያዣ ፕላስቲክ) ጭቃ ውስጥ አይዝም፣ ተነቅሎ ይወጣል። ግድግዳው በመዳፍ እየተኳኳ ድምፁ የሚደፍንበት ቦታ ተፈለገ፤ የቤቱ ቋሚ እንጨት እዚያ ነው። 10 ሴንቲ ምስማር ገብቶ መደርደሪያው በሽቦ ታሰረበት፣ ዐሥሩ ሴንቲ ክፍተት ሳይነካ።

ያልተቀባ እንጨት ነጭ ጥጥን ከጊዜ ጋር ያቢጫል። ከሁለቱ የተቀደዱ አንሶላዎች አንዱ 110 በ56 እየተደረገ ተቆረጠ፤ ከአንዱ አንሶላ 6 ምንጣፍ ወጣ፣ የሚያስፈልገው 5። ሁለተኛው 4 ከረጢት ሆነ፤ እያንዳንዱ ከ120 በ80 ጨርቅ ለሁለት ታጥፎ ተሰፋ፣ ትራፊው የማሰሪያ ክር። ለሁለቱ ሱፍ ብርድ ልብስና ለሁለቱ ባና ናቸው።

በር የለውም፤ በርም አያስፈልገውም። ሳይዛመድ የቀረ አንድ የጥጥ መጋረጃ በሽቦው ላይ ተሰቀለ፣ ወርዱ 170 ሴንቲ። አቧራ ይከለክላል፣ አየር ያሳልፋል።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4

አሞላሉ፦ ታች ከባዱ፤ ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስና ቡልኮ። ሁለተኛው ላይ የእንግዳ ጥቅሎች። ሦስተኛው፣ ክንድ ሳይዘረጋ የሚደረስበት፣ የዘወትር አንሶላ፤ ግራ ቀይ፣ መሐል ሰማያዊ፣ ቀኝ የትራስ ልብስ። አራተኛው ፎጣና ስጋጃ። አናቱ የዓውደ ዓመት፤ የጠረጴዛ ልብስ፣ ነጠላ፣ አልጋ ልብስ። ሱፍና ባናው በከረጢት ሁለተኛው ዳር ላይ።

አንድ ክምር ከ8 አንሶላ አይበልጥም፤ ከላይ አንድ ጋት ባዶ ይቀራል። ታጥቦ የሚመጣው ከክምሩ ሥር ይገባል፣ የሚወጣው ከላይ ይወጣል፤ አለዚያ ሁልጊዜ ሁለቱ አንሶላ ብቻ ያልቃሉ።

የእንግዳ ጥቅል፦ አንድ አንሶላ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ የትራስ ልብስ፣ አንድ ትንሽ ፎጣ፤ ሁሉም በሁለተኛ የትራስ ልብስ ውስጥ። ሦስት ጥቅል። ለቅሶም ይሁን በዓል፣ ሰው ሲያድር አንድ ነገር አንስቶ መስጠት ይበቃል። የዘወትሩን አንሶላ ግን እንዲህ መጠቅለል አልተወደደም፤ ጥቅሉ ወፍራም ስለሆነ መሐሉ አየር አያገኝም፣ በየሳምንቱ ለሚገባና ለሚወጣ ጨርቅ ይህ አይመችም።

እሑድ፣ መስከረም 4

ከእንቁጣጣሽ በኋላ። ሦስቱም ጥቅል ወጥቶ ተመልሷል። ሁለቱ ታጥበው፣ አንዱ «አንድ ሌሊት ብቻ ነው» ተብሎ ሳይታጠብ። ይኸኛው ወጥቶ ታጠበ፤ ላብና ምግብ የነካው ጨርቅ ብልን የሚጠራው እሱ ነው።

አንድ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ትንሽ የዝገት ነጥብ ተገኘ። የምንጣፉ ጠርዝ ተሸሽቶ ጨርቁ የቪቲ ራስ ላይ አርፎ ነበር፣ ትንሽም እርጥበት ይዞ ገብቷል። በረኪና ለዝገት አይሆንም፣ ያጸናዋል። ሎሚ ተጨምቆበት ጨው ተነሰነሰበት፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት፤ ከዚያ ታጠበ። በሁለተኛው ዙር ጠፋ። የምንጣፎቹ አራት ማዕዘን ላይ ክር ተሰፍቶ ከርብራቡ ጋር ታሰሩ፣ አይሸሹም።

ሰኞ፣ መስከረም 19

መጋረጃው ሲገለጥ ታችኛው ደረጃ ላይ የታመቀ አየር ሽታ አለ፣ ሌላው ንጹሕ ነው። ምክንያቱ ቡልኮው ወደ ኋላ ተገፍቶ ግድግዳውን መንካቱ ነው፤ ዐሥር ሴንቲው ክፍተት እዚያ ላይ ተዘግቷል። ከጀርባው ቋሚ ወደ ሌላው ቋሚ በ20፣ በ35 እና በ50 ሴንቲ ከፍታ ሦስት ገመድ ተወጠረ፤ አሁን ምን ቢገፋ አያልፍም። ከሰል በሳህን ማስቀመጥን የሚመክር አለ፤ የሚይዘው እርጥበት ትንሽ ነው፣ የሚያጠቁረው ጨርቅ ግን ብዙ ነው።

ከአንዱ ባና ስፌት ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቱቦ መሰል ነገር ተገኘች፤ የብል ትል ቤት ናት። ሱፉን የሚበላው ትሉ ነው፣ የሚበረው አይበላም። ንጹሕ ጥጥ አይነካም፤ ስለዚህ ጋቢው አያሰጋም፣ ባናና ሱፍ ብርድ ልብስ ግን ምግቡ ናቸው። ባናው ከነከረጢቱ ወጣ፣ ሁለቱም ፊቱ በየተራ ፀሐይ ላይ አራት ሰዓት፣ ስፌትና እጥፋቱ በጠንካራ ብሩሽ። ትል ብርሃን ስለማይወድ ወደ እጥፋቱ ይሸሻል፤ ብሩሹ የሚፈልገው እዚያ ነው። ከረጢቱ በፈላ ውሃ ታጠበ።

አንድ ጊዜ አይበቃም። እንቁላሉ በሙቀት ከ4 እስከ 10 ቀን፣ በብርድ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ሳይፈለፈል ሊቆይ ይችላል፤ ዛሬ የተመታው የተፈለፈለው ብቻ ነው። ትንንሽ የሱፍ ነገር በላስቲክ ታሽጎ ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት ቢቆይ ከነእንቁላሉ ይሞታል፤ ከወጣ በኋላ ላስቲኩ የሚከፈተው ወደ ቤቱ ሙቀት ሲመለስ ነው፣ አለዚያ ጤዛው ሱፉ ላይ ይቋጠራል። ባና ግን የማንም በረዶ ቤት አይበቃውም።

ናፍታሊን ያልተገዛበት ምክንያት እዚህ ይጻፍ። የሚገድለው ትነቱ ነው፣ ትነቱም የሚጠራቀመው በጥብቅ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ነው፤ መጋረጃ ባለው መደርደሪያ ላይ ብሉን ሳይሆን ቤተሰቡን ያጥነዋል። ናፍታሊን ያደረበት ጨርቅ አራስ ልጅ ላይ አይደረግም፤ የአንዳንድ ሕፃናትን ደም ሴል ያፈርሳል። ከአናጢ የተገኘ የጽድ ፍቅፋቂ በሻሽ ተቋጥሮ ከረጢቶቹ ውስጥ ገብቷል። ሽታው ደስ ይላል፣ ብልን ግን ብቻውን አያቆምም።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ፀሐዩ ጠንክሯል። ባናዎቹ ሁለተኛ ጊዜ ተሰጥተው ተቦረሹ፤ ሁለት ደቃቅ ትሎች ከእጥፋት ወደቁ። ጋቢዎቹ ተመዘኑ፤ ያኔ 1.9 የመዘነው አሁን 1.7 ነው። የላስቲኩ ሙከራ 30 ሴንቲ ከፍታ ላይ ተደገመ፣ ጀርባው ከሁለት ሌሊት በኋላ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ዝናቡ ስላባራ ብቻ ሊሆን ስለሚችል በሐምሌ እንደገና ይታያል።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ሦስተኛ ብረሻ። ምንም አልወደቀም። ባናዎቹ ከረጢት ገቡ፣ አፉ በክር ተሰፋ፤ ማሰሪያው ላላ ይል ነበር። ከተገዛው ቪቲ 18 ተርፏል፣ ኖራ አንድ ኪሎ ያህል አለ። ስድስተኛው ምንጣፍ ለመለወጫ አናቱ ላይ ተቀምጧል። የአናቱ ደረጃ አጭር ሰው አይደርስበትም፤ በርጩማ ከሥሩ ገብቷል፣ በ15 ሴንቲው ክፍተት ግን ሳይተኛ አልገባም።